ሬዚስተር ፍለጋ ከጉና ሥር

የኤሌክትሮኒክስ መጽሐፍ የሚጽፉ ሰዎች ከጉና ተራራ ሥር ያለችውን ገሳይን አያውቋትም። ቢያውቋት ኖሮ «ተስማሚውን ሬዚስተር ይምረጡ» ብለው ባልጀመሩ ነበር። ምርጫ እኮ ሁለትና ከዚያ በላይ ላለው ሰው ነው። ከጉና ሥር ተቀምጦ የእጅ ባትሪ ልሥራ ብሎ ለተነሣ ሰው «ያገኙትን ሬዚስተር ይዘው ይምጡ፤ የቀረውን እንመክርበታለን» ቢሉት ይበቃል።

«ሱቅ ሞልቶ የለም ወይ፣ ለምን ትሠራለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። የሱቁ አይቆይማ! ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ተቀምጦ ጉሙን ሲለቅብን፣ ማታ ከበር እስከ አጥር ለመድረስ እንኳ መብራት ያሻል። ርካሾቹን ባትሪዎች ከፍታችሁ ብታዩ ደግሞ ብዙዎቹ ውስጥ ሬዚስተር የሚባል ነገር የለም። ሠሪያቸው የሚተማመነው በድንጋዩ ድካም ነው። ደካማ ድንጋይ ብዙ ኤሌክትሪክ አይገፋም፤ አምፖሏም በዚያው ትተርፋለች። ጠንከር ያለ ድንጋይ ያጎረስናት ዕለት ግን ለአንድ ሰሞን እንደ ጉድ አብርታ ትሰናበተናለች።

ኤልኢዲ የምትባለው ይህች አምፖል ልክ አታውቅም። የድሮው ባለ ክር አምፖል ሲግል የኤሌክትሪኩን መንገድ ራሱ ያጠብባል። ኤልኢዲ ስትግል ይብሱን ትከፍታለች፤ በከፈተች ቁጥር ትግላለች፤ በጋለች ቁጥር ትከፍታለች። ስለዚህ መሐል ገብቶ «ይብቃሽ» የሚላት ያስፈልጋል። ሬዚስተር ማለት ይኸው ነው።

ሒሳቡ ራሱ ቀላል ነው። ነጯ ትንሽ ኤልኢዲ 3.2 ቮልት ገደማ ትፈልጋለች፤ የሚበቃት 20 ሚሊአምፒር ነው። ሦስት ድንጋይ ሲደረደር 4.5 ቮልት ይሰጣል። ትርፉ 1.3 ቮልት ነው። ይህን ለ0.02 አምፒር ስናካፍለው 65 ኦም ይወጣል። እስከዚህ ድረስ ወረቀትና እርሳስ ብቻ ስለሚጠይቅ ገሳይም ጀርመንም እኩል ነን።

እኩልነቱ የሚያበቃው ሱቅ በር ላይ ነው። ደብረ ታቦር ሄጄ ከአንዱ ጥገና ቤት ገባሁ።

«65 ኦም ሬዚስተር አለህ?»

«ለየትኛው ስልክ ነው ጋሼ?»

«ለስልክ አይደለም፤ ለባትሪ ነው።»

«ባትሪማ ኦርጂናል አለ! የቴክኖ ነው የሳምሰንግ?»

ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ሳስረዳው ልጁ ሳቀና የሞተ ስልክ ሆድ ከፍቶ በወረንጦ ጫፍ አንድ ነገር አሳየኝ። «ይኸውልዎት ሬዚስተር። ከዚህ ውስጥ ይምረጡ።» ከጤፍ ፍሬ የማይበልጥ ነገር ነው። ላየው ጎንበስ ብዬ ብተነፍስበት በረረ። ልጁም «እሱን ተዉት፤ ሌላ አለ» አለ፤ ደግ ልጅ ነው።

በነገራችን ላይ ትልቁ መርካቶ ቢኬድም 65 የሚባል ሬዚስተር እንደ ልብ አይገኝም። ፋብሪካዎች በቁርጥ ቁጥር ነው የሚሠሩት፦ 10፣ 12፣ 15፣ 18፣ 22፣ 27፣ 33፣ 39፣ 47፣ 56፣ 68፣ 82፤ ከዚያ ወዲያ ዜሮ እየጨመሩ መቀጠል ነው። ከአሥር እጅ አንድ እጅ ወዲህና ወዲያ ማለት ለእነዚህ ስለተፈቀደላቸው፣ በሁለት ጎረቤት ቁጥሮች መካከል ብዙ ክፍት ቦታ የለም። 65 ያጣ 68 ይወስዳል፤ 19 ሚሊአምፒር ያሳልፋል፤ ልዩነቱን ዓይን አይለየውም። ይህን ሳውቅ ደስ አለኝ። 65 ለማጣት ገሳይ መኖር አያስፈልግም ማለት ነው።

ደጉ ሬዚስተር ያለው ከሞቱ ሬዲዮኖች ሆድ ነው። ቆጥ ላይ የተሰቀለውን አሮጌ ሬዲዮን ሳወርድ ባለቤቴ አየችኝ።

«አንተ ሰው፣ ይሠራ ይሆናል፣ አይጣል ያልኸው እሱን አይደል?»

«ይሠራል አልሁ እንጂ ሬዲዮን ሆኖ ይሠራል መች አልሁ?»

ከሆዱ ባለ ቀለበት ሬዚስተሮች ወጡ። ቁጥራቸው የተጻፈው በቀለም ነው፦ ጥቁር 0፣ ቡኒ 1፣ ቀይ 2፣ ብርቱካናማ 3፣ ቢጫ 4፣ አረንጓዴ 5፣ ሰማያዊ 6፣ ወይን ጠጅ 7፣ ግራጫ 8፣ ነጭ 9። ሁለቱ የመጀመሪያ ቀለበቶች አኃዝ ናቸው፤ ሦስተኛው ስንት ዜሮ እንደሚጨመር ይናገራል፤ ወርቃማው ስሕተቱ ከመቶ 5 እንደማይበልጥ ይመሰክራል፤ የባለ ወርቆቹ ሰንጠረዥም ከላይኛው ዝርዝር ይልቅ ብዙ ቁጥር አለው። ችግሩ በኩራዝ ብርሃን ቡኒውም ቀዩም ብርቱካናማውም አንድ መልክ መሆናቸው ነው። 110ን፣ 220ንና 330ን ለመለየት ጥሩ ባትሪ ያስፈልጋል፤ ጥሩ ባትሪ ለመሥራት ደግሞ እነሱን መለየት ያስፈልጋል።

ከዚህ አዙሪት ያወጡኝ ጎረቤታችን መሪጌታ ናቸው። ለማኅሌት በሌሊት የሚወጡ ሰው ስለሆኑ ባትሪው በዋናነት የሚታሰበው ለእሳቸው ነው። ድጓን ያስመሰከሩት እዚሁ አገራችን፣ ጋይንት ቤተልሔም ነው። ከፊደል በላይ የተሰገሰጉትን ድፋትና ቅናት፣ ይዘትና ሂደት፣ ቁርጥና ርክርክ ሲለይ የኖረ ዓይን ለአራት ቀለበት አይጨነቅም። አንድ ጊዜ ነገርኋቸው፤ በጠዋት ብርሃን ተቀምጠው ዘለቁት።

«ሰማያዊ፣ ግራጫ፣ ጥቁር። 68፤ ዜሮ የለውም። ይኸ አይደል የምትፈልገው?»

«እሱ ነው የኔታ! የት አገኙት?»

«አላገኘሁትም። ብናገኝ እንዲህ ይነበባል ማለቴ ነው።»

ጥቂት አሰቡና ደግሞ «አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ የሆነስ?» አሉኝ። ሠራሁት፦ 5፣ 4፣ ሁለት ዜሮ፤ 5,400 ኦም። የባለ ወርቆቹን ሰንጠረዥ ብናገላብጥ ከ5,100 ወደ 5,600 ይዘላል እንጂ የእኛን አይጠራም። ከወዲያ ጫፍ፣ ከቀዩ ተጀምሮ ሲነበብ ግን 2.4 ሚሊዮን ኦም ይሆናል፤ እሱስ በሰንጠረዡ አለ። ችግሩ በዚያ በኩል ያለፈ ኤሌክትሪክ ጭላንጭልም አያሳይም። መሪጌታ ብዙ ዝም አሉና «እንግዲህ ከሌላው ቀለም እንፈልግ» አሉ።

ፈለግን። 68 ከሬዲዮኑ አልወጣም። የወጣው 330 ነው፣ ሲበዛ። የገሳይ ሒሳብ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። መጽሐፉ ከድንጋይ ተነሥቶ ሬዚስተር ይፈልጋል፤ እኛ ከሬዚስተሩ ተነሥተን ድንጋዩን እናስማማለን። አምስት 330 ጎን ለጎን ሲታሰሩ 66 ኦም ይሆናሉ፤ ኤሌክትሪኩ አምስት በር አገኘ ማለት ነው። 47 ብቻ ያገኘ ሁለቱን አከታትሎ 94 ያድርግ፤ 14 ሚሊአምፒር ገደማ ያልፋል፤ የማኅሌት መንገድ አያስትም። 150 የወጣለት ሰው ድንጋዩን ስድስት፣ አምፖሉን ሁለት አድርጎ በተከታታይ ይሰካ፤ 17 ያህል ያልፍለታል።

ይህ ልማድ በአገራችን አዲስ አይደለም። ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አጼ ቴዎድሮስ መድፍ ሲያስቡ፣ በእጃቸው የነበሩት ፈረንጆች አብዛኞቹ የእጅ ሥራ የሚያውቁ ሚስዮናውያን ነበሩ። መድፍ መሥራት አናውቅም ቢሉም ንጉሡ መድፍ ሠሪ እስኪመረጥላቸው አልጠበቁም፤ ባገኙት ሰው ሴባስቶፖልን አስቀለጡ። ወደ 7 ቶን የሚመዝነው መድፍ ተጎትቶ መቅደላ ደርሷል። ስናሰላበት የቆየነውን ሕግ በ1827 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ያወጣው ጀርመናዊው ጌዎርግ ኦምም ቢሆን የቁልፍ ሠሪ ልጅና የትምህርት ቤት መምህር ነበር። እሱም ሬዚስተሩን ከሱቅ አልመረጠም፤ ሽቦ እያስረዘመና እያሳጠረ ለካ እንጂ።

መሪጌታ የቀራቸው አንድ ጥያቄ ነበር። «ያ የቀረው 1.3 ቮልት የት ይሄዳል?»

«ሙቀት ይሆናል የኔታ።»

«ታዲያ ምን ቸገረህ? ገሳይ ሙቀት መች ተረፈን?»

ሙቀቱ 26 ሚሊዋት መሆኑን አልነገርኋቸውም፤ በዚህ ብርድ ተስፋ አይቆረጥም።

ሬዲዮኑም ነጥፎ ሬዚስተር የጠፋ ዕለት ግን ዓይኔ ከማድቤት ጥግ ላይ አረፈ። የገሳይ ድንች! ጋልቫናይዝድ የቆርቆሮ ምስማርና የመዳብ ሽቦ የተሰካበት ድንች 0.9 ቮልት ያህል ይሰጣል። አራቱን ማከታተል ለነጭ ኤልኢዲ ይበቃል። ሬዚስተርም አያስፈልገውም፤ ድንቹ ራሱ ውስጡ እንቢተኛ ስለሆነ አንድ ሚሊአምፒር እንኳ ለመስጠት ያመነታል። በጨለማ ደብዘዝ ብላ በራች። ባለቤቴ መጥታ ቆመች፤ መብራቷን አላየችም፤ ምስማሮቹን ቆጠረች።

«ሬዚስተሩ የቱ ነው?» አለች።

«ድንቹ።»

«እንግዲያው ሌላ ሬዚስተር ፈልግ። እነዚህ ለእራት ተመርጠዋል።»

በመጨረሻ ገሳይ ውስጥም መምረጥ የሚችል ሰው ተገኘ።