በምዕራብ ጎጃም ስለሚገኘው የኪሮሽ አበባ እልባት ጠባይና አገልግሎት

ከቀጭን የጥጥ ክር በኪሮሽ ተሠርቶ፣ ጫፉ ላይ አበባ አብቦ መጽሐፍ ውስጥ የሚገባው እልባት እስካሁን በሚገባው ክብደት አልተመረመረም። ብዙዎች አንባቢው ያቆመበትን ገጽ ማመልከቻ ነው ብለው ያልፉታል። የዚህ ጥናት አቋም ሌላ ነው፤ የአበባው እልባት አንባቢው ተመልሶ የማይመጣበትን ገጽ ያመለክታል። ማስረጃው የሚጀምረው ከሳሎን ነው። ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ከተማ ደኅና አድርጎ የተያዘ ሳሎን ውስጥ የገባ ሰው ዳንቴል ያልለበሰ ዕቃ ለማግኘት ይቸገራል። ቴሌቪዥኑ፣ የሶፋው መደገፊያ፣ የፍሪጁ አናት፣ ቡፌው ሁሉም ለብሰዋል፤ ሬዲዮ በደግ ዘመኑ እንደ ሙሽራ ተሸፋፍኖ ነበር የኖረው። ከዚህ ሁሉ አንድ ሕግ ይወጣል፦ ዳንቴሉ ባማረ መጠን ዕቃው የሚነካበት ቀን ያንሳል። ቡፌው ውስጥ ዳንቴል ላይ የተደረደሩት ብርጭቆዎች እንግዳ ይጠብቃሉ፤ የቤቱ ሰው ውሃ የሚጠጣው በፕላስቲክ ኩባያ ነው። ሶፋው ላይ እንግዳ ይቀመጣል፤ የቤቱ ሰው ዱካ ይስባል። ዳንቴል መጽሐፍ ውስጥ ሲገባ ይህ ሕግ ደጅ ይቀራል የሚል ካለ፣ የማስረዳቱ ሸክም የእሱ ነው።

የዕቃው አሠራርም ይህንኑ ይመሰክራል። መጀመሪያ ትንሽ ቀለበት ይታሰራል፤ ከቀለበቱ ላይ የአበባው ቅጠሎች አንድ በአንድ ይወጣሉ፤ ከዚያ ረጅም ግንድ ይወርዳል፤ በመጨረሻ እንዳይልፈሰፈስ አሚዶ ይጠጣል። አሚዶ የጠጣ አበባ ሁለት ገጽ መካከል አይተኛም፤ ቢያስተኙት መጽሐፉ አፉን ከፍቶ ይቀራል። ስለዚህ ግንዱ ብቻ ውስጥ ገብቶ አበባው ከላይ ብቅ ይላል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ገጹን የሚያውቀው ግንዱ ነው፤ አበባው የሚያየው ግን ወደ በሩ፣ ወደሚገባው እንግዳ ነው፤ መልእክቱም «እዚህ ቤት ይነበባል» የሚል ነው። መልእክቱ ከደረሰ ደግሞ ማንበቡ ትርፍ ድካም ይሆናል። በተጨማሪም ሹራብ በማሽን ሲሠራ ኪሮሽ እስከ ዛሬ ከሰው እጅ አልወጣም። አየርላንድ ውስጥ ከ1845 እስከ 1849 እ.ኤ.አ. በነበረው የረሃብ ዘመን መነኮሳይያት ለድሆች ሴቶች ያስተማሩት የኪሮሽ ጽጌረዳ ቤተሰብ አብልቷል፤ የእኛው አበባ ግን እስካሁን የሚታወቅለት ሥራ አንድ ምዕራፍ ሊነበብበት የሚችለውን ምሽት መብላቱ ነው።

«እልባት ለአገሩ አዲስ ነገር ነው ወይ? አባቶቻችን በምን ያነቡ ነበር?» ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ለጥናቱ ያደላል። የብራና መጻሕፍት ጠርዝ ላይ ባለ ቀለም ክር ይሰፋል፤ አበባ የለውም፣ አሚዶም አያውቅም፤ ሥራው ተፈላጊውን ምንባብ ማሳየት ብቻ ነው። ዳዊት ደጋሚውማ ያንንም አይሻም፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እያለ ስለሚሄድ ቀኑ ራሱ እልባት ይሆንለታል። ዋሸራንና ጎንጅን በመሰሉ የቅኔ ቤቶች በሚታወቅ አገር፣ ብዙ የሚያነበው ክፍል ባዶ ክር፣ ጥቂት የሚያነበው ክፍል ባለ አበባ ክር መያዙን እንዲሁ የመጣ አጋጣሚ አድርጎ ማለፍ ለዚህ ጸሐፊ ይከብደዋል። ገጠሩ ውስጥም እንዲሁ ነው። እጁ የገባውን የጭድ ስንጣሪ ገጽ መካከል ጥሎ ከብት ሊመልስ የሚነሣ ልጅ መጽሐፉን ይጨርሳል፤ ጭድ ማንንም ስለማያኮራ እዚያው ይቆይ የሚለው የለም።

ዋናው ማስረጃ ግን ማንኩሳ ነው። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲኬድ መንገድ ላይ የሚገኘው ማንኩሳ፣ በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚነሣበት አገር ነው። መጽሐፉ ከ500 ገጽ በላይ ስለሆነ የአበባው እልባት አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው ወደ መግቢያው ገደማ ነው፤ ይህም ማለት ታሪኩ ገና ማንኩሳ ሳለ ነው። እንዲህ ባለው ቅጂ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ በሰላም ይኖራሉ፤ በዛብህ ከሰፈሩ አልወጣም፣ ሰብለ ወንጌልን አላየም፣ የመሞት ሐሳብም የለውም። አበባው በዚህ ረገድ ከደራሲው ይልቅ ለገጸ ባሕርያቱ አዝኗል ማለት ይቻላል። «ታዲያ ሕዝቡ የልቦለዱን መጨረሻ ከየት አወቀው?» የሚለው ተቃውሞ ጠንካራ መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን ብዙው ሰው የበዛብህን ሞት ያወቀው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምቶ ነው። ሬዲዮ ነገ የሚቀጥልበትን ራሱ ያውቃል፤ እልባት ማስገቢያም የለውም። ዳንቴሉ የተቀመጠው ከላዩ ነበር፤ ድምፁን ሊያስቆመው አልቻለም። ሕጋችን በዚህ ቦታ መሸነፉን መካድ አይገባም፤ የተሸነፈው ግን ለሬዲዮ እንጂ ለአንባቢ አይደለም።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከተማሪዎች ዘንድ የሚመጣ ነው። ከገጠር መጥተው ከተማ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጃገረዶች ደብተራቸው ውስጥ ይህን አበባ ይዘው ያጠናሉ፣ ፈተናም ያልፋሉ ይባላል። እውነት ነው። ነገሩን በጥሞና ላየው ሰው ግን እልባቱ ያለው ቀድሞ ባለቀው ደብተር ውስጥ ነው፤ የሚጠናው ደብተር ጠርዙ ታጥፎ፣ መካከሉ እስክሪብቶ ገብቶበት ትራስ ሥር ይገኛል። አሁን አሁን ደግሞ ስልክ ያቆሙበትን ገጽ በራሱ ስለሚያስታውስ እልባት ቀርቷል የሚሉ አሉ። ለስልክ የሚሆን፣ ክዳኑ ላይ አበባ ያለበት የኪሮሽ ቦርሳ መሠራት ከጀመረ ግን ቆይቷል።