መርከብ የደረሰበት፣ ዊልቸር የቀረበት

ጋምቤላ፣ ባሮ ዳር፣ ማንጎ ጥላ ሥር። ሙቀቱ 40 ዲግሪን እየገፋ ነው። በአንድ ወገን ሰዉ ሁሉ «ኢንጂነር» የሚለው ሰውዬ፣ በሌላ ወገን በዊልቸር የምትሄድ የሰፈሩ ምላሰኛ። ዳኛው እኔ ነኝ፤ አላዳላም ግን አላልኩም።

«እህቴ፣ እስከ ወንዙ ውብ ደረጃ ሠራን እኮ!»

«አይቻለሁ፣ ከላይ ሆኜ። ለፎቶ አሪፍ ነው፤ ፎቶ ላይ ማን ይራመዳል?»

«ቦታው ቁልቁለት ነው፣ ምን ይደረግ?»

«ድሮ በክረምት ባሮ ሲሞላ፣ ከካርቱም የተነሣ መርከብ እዚሁ መጥቶ ጭነቱን ያራግፍ ነበር። ያ ከሱዳን መጥቶ ደረሰ፤ እኔ ከቀበሌዬ መጥቼ ልቅር?»

«ራምፑንስ አላየሽም?»

«እሱ ራምፕ ነው? የሕፃናት ሸርተቴ መስሎኝ! የ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ይፈልጋል፤ አንተ በ2 ሜትር ገላገልከው። ጫፉ ላይ ደግሞ ብረት ተክለሃል፤ ፍሬን ይሁናት ብለህ ነው?»

«ሞተር ሳይክል እንዳይገባ ነዋ!»

«ሞተሩማ በሣሩ ዞሮ ገባ። የቀረሁት እኔ ነኝ።»

«ሕጉ ስለ ሕንፃ እንጂ ስለ ወንዝ ዳር አይልም።»

«የሕንፃ አዋጁ ለሕንፃ ይሁንልህ። ኢትዮጵያ በ2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትስ? አንቀጽ 30 መዝናኛና የቱሪስት ቦታ ይላል። አንተ ባሮን ለቱሪስት የምታስተዋውቀው መጋዘን ነው ብለህ ነው?»

«በጀት የለማ!»

«መጀመሪያውኑ አስተካክሎ መሥራት መቼ ከበደ? በጀት የሚበላው ሠርቶ ማፍረስ ነው።»

«ለመሆኑ ስንት ዊልቸር አለና ነው?»

«ጥቂት የምናየው የቀሩትን ደረጃህ ቤት ስላስቀራቸው ነው። ምርኩዝ የያዙት አባት፣ ነፍሰ ጡሯ፣ ልጅ ያዘለችውስ? ነጭ ጆሮ ቆርኬ እንኳ ከደቡብ ሱዳን በመንጋ ድንበር ሲሻገር ደረጃ ውጣ ያለው የለም!»

ኢንጂነሩ ሻይ አዘዘ። ፍርዱ ይኸው፦ መሄጃ የምትሠሩ ሁሉ፣ ሪባን ከመቁረጣችሁ በፊት አንድ ባለ ዊልቸርና አንድ ነጭ በትር የያዘ ሰው ከላይ እስከ ታች ይሂዱበት። ያለ ደጋፊ ሄደው ከተመለሱ መርቁት። ካልሆነ መቀሱን አስቀምጡና ዶማ አንሡ።