ንጹሑ 249 ግራም

በአሜሪካ ሕግ ሰማይ ሁለት ፎቅ አለው። ምድር ቤቱ፣ ከመሬት እስከ 400 ጫማ ወይም 120 ሜትር ገደማ፣ ለድሮን ተሰጥቷል። ከዚያ በላይ ያለው የአውሮፕላን ነው። ክፍፍሉ የቆየ ነው፤ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1981 ለሞዴል አውሮፕላን ወዳጆች ባወጣው የምክር ሰነድ ከ400 ጫማ በላይ እንዳይወጡ አሳስቦ ነበር። ሰው የጫነ አውሮፕላን በበኩሉ በጥቅሉ ከ500 ጫማ በታች እንዳይወርድ ታዟል። በመካከል የቀረችው 100 ጫማ የሰላም ቀጣና ናት። ሕመምተኛ የሚያመላልስ ሄሊኮፕተርና ማሳ ላይ ፀረ ተባይ የሚረጭ አውሮፕላን ከዚያ በታች መብረራቸው እርግጥ ነው፤ የፎቁን ውበት ስለሚያበላሹ ግን ባይነሡ ይመረጣል።

ሕጉ ከፍታ የሚለካው ድሮኑ ካለበት በታች ካለው መሬት ነው ይላል። ሪሞቱ ላይ የሚታየው ቁጥር ግን አብዛኛውን ጊዜ ድሮኑ ከተነሣበት ቦታ የሚቆጠር ነው። ስለዚህ ከገደል አፋፍ ተነሥቶ ወደ ፊት የሄደ ድሮን ስክሪኑ 20 ሜትር እያለ ከሥሩ 500 ሜትር ባዶ አየር ሊኖር ይችላል፤ ባለቤቱም በሕግ አክባሪነቱ ይኮራል። ከተራራ ግርጌ ተነሥቶ ዳገቱን የተከተለው ደግሞ ከቁጥቋጦው 10 ሜትር እንኳ ሳይርቅ ስክሪኑ 130 ይለዋል፤ ባለቤቱም ወንጀል የሠራ መስሎት ይደነግጣል። ሁለቱም ቁጥሩን አንብበዋል፤ ቁልቁል ያየ የለም።

ከፍታ እንዲህ አስቸጋሪ ስለሆነ ሥርዓቱ ወደማይዋሸው መለኪያ፣ ወደ ሚዛን ዞረ። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ከ250 ግራም በላይ የሚመዝን ድሮን በ5 ዶላር መመዝገብ አለበት። 250 ግራም ሩብ ኪሎ ቡና ነው። ከሩብ ኪሎ የቀለለው ለመዝናኛ እስከበረረ ድረስ ከምዝገባ ነፃ ነው፤ የራሱንና የአብራሪውን ቦታ በሬዲዮ እንዲያሰራጭ የሚያዘው ደንብም አይነካውም። ዲጄአይ የተባለው የቻይና ኩባንያ መልእክቱ ወዲያው ገባው፤ በ2019 ያወጣው ማቪክ ሚኒ 249 ግራም ይመዝን ነበር። በጃፓን ገደቡ በጊዜው 200 ግራም ስለነበር እዚያ የተሸጠው ወንድሙ ባትሪው ቀሎለት 199 ግራም ሆነ። አደጋ እንግዲህ ድንበር ሲሻገር 50 ግራም የሚከሳ ነገር ነው። ሽንኩርት ነጋዴ ከኪሎ ላይ ሲያጎድል ይሰደባል፤ ድሮን ሠሪ ከግራም ላይ ሲያጎድል ይሸለማል።

የሚዛኑ ጥበብ ጎልቶ የሚታየው በፕሮፔለር መከለያው ላይ ነው። መከለያው የሚሽከረከረው ስለት ጣትና ዓይን እንዳይነካ ዙሪያውን የሚያጥር ቀላል ፕላስቲክ ነው። 249 ግራም ላይ ሲገጠም ግን ክብደቱ ከ250 ያልፋል። ስለቱ ገላጣ ሆኖ በልጆች መካከል ሲዞር የነበረው ንጹሕ ድሮን ጥንቃቄ በተጨመረለት ቅጽበት ተመዝጋቢ ይሆናል። አስተዋይ ባለቤት በዚህ ጊዜ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል፤ መከለያውን ያወልቃል።

ከክብደት ቀጥሎ የሚመዘነው ሐሳብ ነው። ለመዝናኛ የሚያበር ሰው የሚወስደው ፈተና በነፃ በኢንተርኔት ይሰጣል፤ የተሳሳተውም ትክክለኛው መልስ እስኪገኝ እየታረመ ይቀጥላል። የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ቢሰማ ይቀናል። ያው ሰው፣ ያው ድሮን፣ ያው ሜዳ ላይ ሆኖ ፎቶውን ለመሸጥ ካሰበ ግን ድሮኑ 249 ግራም ቢሆንም ይመዘገባል፤ እሱም 175 ዶላር ከፍሎ 60 ጥያቄ ይፈተናል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ድሮን ሰው ራስ ላይ የሚወድቀው በገንዘብ ፍቅር መሆኑ ነው።

ገደቡ ዜሮ የሆነበት ቦታም አለ። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ 15 ማይል ያህል ርቀት ድረስ ያለ ልዩ ፈቃድ ድሮን ማስነሣት ክልክል ነው። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ በዚህ ቀለበት ውስጥ ይወድቃሉ። ስለዚህ እዚያ በሚደገስ የሐበሻ ሰርግ ላይ ካባ የደረቡት ሙሽሮች ከላይ ሊቀረጹ አይችሉም፤ ቪዲዮ አንሺው ድሮኑን ቅጥር ግቢው ውስጥ ከሚዜዎቹ ቁመት በታች ቢያስነሣውም ያው ነው። በጃንዋሪ 2015 ግን አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ያበረረው ድሮን ዋይት ሐውስ ሣር ላይ ተከስክሷል። ክስ አልተመሠረተበትም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ ዲጄአይ ድሮኖቹ ከመሃል ከተማው 25 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ከመሬት እንዳይነሡ የሚያደርግ ሶፍትዌር ያወጣው ከዚያ በኋላ ነው። እገዳው የራሱ ክብር ነበረው፤ የባለቤቱን ኅሊና ሥራ ማሽኑ ተረከበለት።

በጃንዋሪ 9 ቀን 2025 በሎስ አንጀለስ የፓሊሴድስ ሰደድ እሳት እየነደደ ሳለ አንድ ሰው ሳንታ ሞኒካ ውስጥ ከመኪና ማቆሚያ ፎቅ አናት ላይ ድሮን አስነሣ። እሳቱ ያለበትን ለማየት ከ2,500 ሜትር በላይ አርቆ ሰደደው፤ ከዓይኑም ሰወረው። ድሮኑ ከካናዳ ለእርዳታ መጥቶ ውኃ ይደፋ ከነበረ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ የግራ ክንፉን ቀደደ፤ አውሮፕላኑም ከሥራ ወጣ። በአራተኛው ቀን ዲጄአይ በአሜሪካ የማሽኑን እገዳ አንሥቶ በማስጠንቀቂያ ተካው። አሁን ድሮኑ የተከለከለ ክልል ሲደርስ በስክሪኑ ላይ ማሳሰቢያ ይወጣል፤ ባለቤቱም አንብቦ ወይም ሳያነብ ይነካውና ያልፋል። ለአሥር ዓመት ያህል ማሽኑ ዘንድ በአደራ የቆየው ኅሊና ለባለቤቱ ተመለሰ።

ድሮንን ከዓይን አለማራቅ፣ ሰው ለጫነ አውሮፕላን መንገድ መልቀቅና እሳት ወዳለበት አለመሄድ በደንቡ ውስጥ ድሮም ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ግራም ስለሌላቸው ሚዛን ላይ አይወጡም፤ በድሮን ካርቶን ላይም ታትመው አይሸጡም።