ሁኔታዎች እስኪመቻቹ ድረስ

የዳካ ዩኒቨርሲቲ ባለሥልጣናት የሚገባቸውን ምስጋና አላገኙም። የተማሪዎችን ኅብረት መተዳደሪያውን ሳይሰርዙ፣ በሩንም ሳያሽጉ፣ ምርጫ ባለመጥራት ብቻ ማጥፋት እንደሚቻል ያስተማሩን እነሱ ናቸው። በ1921 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ይህ አንጋፋ የባንግላዲሽ ዩኒቨርሲቲ፣ የሥራ ዘመኑ አንድ ዓመት ለሆነው ኅብረት በጁን 1990 ምርጫ አካሄደ፤ ቀጣዩን ያካሄደው በማርች 2019 ነው። ለአንድ ዓመት ሥራ የ28 ዓመት ዝግጅት! ችኩል ነው ብሎ የሚያማው አይኖርም። ኅብረቱ በሌለበት ዘመንም የኅብረቱ መዋጮ ከተማሪው ሲሰበሰብ ኖሯል። ላሟ በሰማይ ብትሆንም የግጦሽ ክፍያዋ በምድር ነበር።

ከሁሉ የሚያስገርመው ምርጫው የቆመበት ጊዜ ነው። ጄኔራል ኤርሻድ በ1982 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን የያዙ ወታደር ነበሩ፤ ያም ሆኖ በእርሳቸው ዘመን፣ በ1989 እና በ1990፣ ተማሪው ድምፁን ሰጥቷል። በ1990 መጨረሻ ተማሪዎች ከፊት በተሰለፉበት ሕዝባዊ አመፅ ጄኔራሉ ወረዱ፤ ዴሞክራሲ መጣ፤ የተማሪው ምርጫ ቀረ። ወታደሩ ያልፈራውን ኮሮጆ፣ በኮሮጆ የተመረጡት ሲቪሎች ፈሩት። ምክንያቱ አይጠፋንም፤ በተማሪ ትከሻ ወደ ቤተ መንግሥት የወጣ ሰው ያ ትከሻ ማንን ሊጥል እንደሚችል ከማንም በላይ ያውቃል። ሁለቱ ታላላቅ ፓርቲዎች በሌላው ነገር ሁሉ ሲናቆሩ ቢኖሩም፣ በዚህ ጉዳይ አንዱ የጀመረውን ሌላው ሳያጓድል አስቀጥሏል። ብሔራዊ መግባባት ይሏል ይህ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? የ1973ቱ የዩኒቨርሲቲው ድንጋጌ በሴኔቱ ውስጥ ለተማሪዎች አምስት ወንበር ሰጥቷል፤ ለምክትል ቻንስለርነት ሦስት ዕጩዎችን የሚያቀርበውም ይኸው ሴኔት ነው። ምክትል ቻንስለሩ ደግሞ በሹመቱ የኅብረቱ ፕሬዚዳንት ነው። ምርጫ ካልተጠራ አምስቱ ወንበሮች ባዶ ናቸው፤ ወንበሮቹ ባዶ ከሆኑ ዩኒቨርሲቲውን የሚመራው ሰው ያለ ተማሪ ድምፅ ይታጫል፤ ምርጫውን እንዲጠራ የሚጠበቀውም እሱው ነው። እንግዲህ ምርጫው ለምን ዘገየ ብሎ መጠየቅ የዋህነት ነው፤ መጠየቅ ያለበት በ2019 ምን ተገኝቶ ተደረገ የሚለው ነው።

የተገኘው ፍርድ ቤት ነው። 25 ተማሪዎች በ2012 ለከፍተኛው ፍርድ ቤት አቤት አሉ፤ ፍርዱ በጃንዋሪ 2018 ወጣ። አቤቱታው በገባበት ዓመት ትምህርት የጀመረ ተማሪ በመደበኛው ጊዜ ከተመረቀ፣ የተፈረደለት መብት የሚገኘው ለቅቆት በወጣው ግቢ ውስጥ ነው። ችሎቱ ምርጫው በስድስት ወር ይካሄድ አለ፤ ስድስቱ ወር አለፈ፤ ችሎት ተደፈረ ተብሎ ሌላ አቤቱታ ቀረበ፤ ዩኒቨርሲቲው ይግባኝ ብሎ ዕግድ አስወጣ፤ ዕግዱ የተነሣው በጃንዋሪ 2019 ነው። «ዩኒቨርሲቲ ራሱን የሚያስተዳድር ተቋም ነው፤ ዳኛ ምን አገባው?» የሚሉ አሉ። ቁም ነገር ያለው ሙግት ነበር፣ ዳኛው አዲስ ሕግ አውጥቶ ቢሆን ኖሮ። ዳኛው ያለው ግን ነፃነትህን የሰጠህን ሕግ ራስህ አክብር ነው። ምርጫ የሚጠላው አስተዳደር ሕግ ላይ ሲደርስ አማርጦ ማክበርን ተክኖበታል።

«ምርጫ ደም ያፋስሳል» የሚለው ሙግት ይከብዳል፤ የግቢው ታሪክ ደም አላጣምና። ግን ምርጫ ባልነበረባቸው ዓመታትስ ሰላም ነበር? በ2010 በአንድ የተማሪዎች መኖሪያ በተነሣ ግጭት ተማሪ ሞቷል፤ በዚያ ዓመት የሚቆጠር ድምፅ አልነበረም። ኅብረቱ የለቀቀውን ቦታ የያዘው የገዥው ፓርቲ የተማሪ ክንፍ ነው። አዲስ ገቢው ጎኖ ሩም በሚባሉት የተጨናነቁ ክፍሎች ወለል ላይ ተደርድሮ ያድር ነበር፤ የመኝታውን ዋጋ ይከፍል የነበረው ለፓርቲው ሰልፍ በመውጣት ነው። ፖለቲካው ከግቢው አልወጣም፤ የወጣው ድምፅ መስጫ ወረቀቱ ብቻ ነው።

በ2019 ወረቀቱ ተመለሰ፤ በአንድ የሴቶች መኖሪያ እንደውም ከመራጮቹ ቀድሞ ተገኘ። ድምፅ መስጠት ሳይጀመር ምልክት የተደረገባቸው ወረቀቶች ተያዙ፤ የመኖሪያው ኃላፊም ተነሡ። ከ25ቱ ወንበሮች 23ቱን የገዥው ፓርቲ ክንፍ ወሰደ። ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ ሌላ ምርጫ አልተጠራም።

ይህ ሁሉ ድካም የታሰበለትን ሰው እንኳ አላዳነም። በኦገስት 2024 የሼኽ ሐሲናን መንግሥት የጣለው ተማሪዎች የቀሰቀሱት አመፅ ነው፤ ያኔ የተመረጠ ኅብረት አልነበራቸውም። ኮሮጆ የተከለከለ ወጣት ወደ አደባባይ ይወጣል፤ በአደባባይ ደግሞ የሥራ ዘመን የለም። ቀጣዩ ምርጫ የተካሄደው ከዚህ በኋላ፣ ሴፕቴምበር 9 ቀን 2025 ነው። እሱንም ሊካሄድ ስምንት ቀን ሲቀረው ከፍተኛው ፍርድ ቤት አገደው፤ የይግባኙ ዳኛ ዕግዱን በዕለቱ አነሣው። ለካ ፍትሕ በአንድ ቀንም ይደርሳል! በዳኛ ፍጥነት ላይ የተንጠለጠለ መብት ግን መብት አይባልም። የምርጫውን ቀን ሕጉ ራሱ ይቁረጠው፤ ቀኑን ያሳለፈ ምክትል ቻንስለርም ወንበሩን ይልቀቅ። ያኔ ሁኔታዎች በአንድ ሳምንት ይመቻቻሉ።