ጋቢ የለበሰው ዳማ

በአገራችን ፈረስ ስሙን ለጌታው ያወርሳል። ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዮሐንስ «አባ በዝብዝ»፣ ምኒልክ «አባ ዳኘው» የተባሉት በፈረሶቻቸው ነው። በፉከራ ውስጥ ፈረስ አያረጅም። በአባባ ጋጣ ግን ያረጃል።

ፈረሳቸው ዳማ 24 ዓመቱ ነው። የሚኖረው ደብረ ብርሃን አጠገብ ነው፤ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ። እዚያ ከተማ የብርድ ልብስ ፋብሪካ የተተከለው ለቀልድ አይመስለኝም። ታኅሣሥ ላይ ሰማዩ ጥርት ሲል መሬቱ የቀኑን ሙቀት ሌሊት ይለቀዋል፤ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጩ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል።

ለጥየቃ በሄድኩበት ሌሊት ሁለት ካልሲ ደርቤም እንቅልፍ እምቢ አለኝ። «እኔ እንዲህ ከሆንኩ ሽማግሌው ዳማ እንዴት ይሆን?» አልኩና ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የአባባን ጋቢ አንሥቼ ወደ ጋጣው ወጣሁ። ጀርባው ላይ ጥዬ በገመድ ጠፈርኩለት። ሁለት ጣሳ ገብስም ጨመርኩለት። የጋጣውን በር መዝጋት ግን ረሳሁ።

ጎሕ ሲቀድ አንዲት ጎረቤታችን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲያልፉ፣ በጉሙ ውስጥ ከድንጋይ ካቡ በላይ ነጭ ጀርባ አዩ።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ?»

ዝም።

«ምነው፣ ተቀየሙኝ እንዴ?»

ዳማ አሽካካ። እትዬ እሪታቸውን አቀለጡት።

አባባ ብርድ ልብስ ተከናንበው ወጡ። አልተቆጡኝም፤ «ና፣ ዳብስ» ብቻ አሉኝ። ጋቢው ጤዛ ጠጥቶ ረጥቧል፤ ከሥሩ ያለው ፀጉር ላም የላሰችው ጥጃ ይመስል ተለጥፏል። ፈረስ ሲበርደው ፀጉሩን ያቆማል፤ የሚያሞቀው በፀጉሩ መካከል የሚይዘው አየር ነው። እኔ ያንን ነው በገመድ ጠፍሬ ያስተኛሁት። የከሳ ወይም መጠለያ የሌለው ሽማግሌ ፈረስ ቢሸፈን ደግ ነው፤ ሽፋኑ ግን ደረቅና ውሃ የማያስገባ መሆን አለበት።

ገብሱም ቢሆን አልጠቀመም። በብርድ የሚበጀው ድርቆሽ ነው፤ በኋለኛው አንጀት ቀስ እያለ ሲብላላ ሆዱ ምድጃ ይሆናል። ዳማም ምድጃው አልጠፋም፤ የጠፋው እንጨት ፈላጩ ጥርስ ነው። ግርግሙ ሥር ግማሽ የታኘከ የድርቆሽ ድቡልቡል ወድቆ አገኘን። አባባ እጄን ይዘው በለምለሙ ፀጉር ውስጥ ጎድኑን አስቆጠሩኝ፤ በዓይን ሲታይ የወፈረ የመሰለኝ ፈረስ አጥንት ብቻ ሆኗል።

የእንስሳት ሐኪም ተጠርቶ የሾለውን የመንጋጋ ጥርሱን ሞረደለት። ከዚያ ወዲህ ድርቆሹ ተከታትፎና ተነክሮ፣ ፉርሽካው ረጥቦ ይቀርብለታል። ውሃውም ለብ ይላል፤ ውሃው በረዶ ሲሆን በበቂ ስለማይጠጣ መኖው አንጀቱ ውስጥ ይደርቅበታል፣ ቁርጠትም ያመጣበታል።

ጋቢው ፀሐይ ላይ ተሰጣ።

«ለመሆኑ» አሉ አባባ፣ ቆሏቸውን ሻይ ውስጥ እየነከሩ፣ «ለፈረሱ ጋቢ ስታለብስ እኔ ምን እለብሳለሁ ብለህ ነው?»

መልስ አልነበረኝም። አንዱንም ሳልጠይቅ የራሴን ብርድ ነበር ለሁለቱም ያከፋፈልኩት። ጃኬቴን አውልቄ ሰጠኋቸው።

እትዬ ግን እስከ ዛሬ በጉም ውስጥ አባባን ሲያዩ፣ መጀመሪያ ካቡን ዞረው እግራቸውን ይቆጥራሉ፤ ከዚያ ነው እንደምን አደሩ የሚሉት።