ቆቅ ለማደን ወደ ሞላሌ ለሚወጡ ክቡራን የተሰጠ ምክር

ክቡር አንባቢ፣ ቆቅ ሊያድኑ መንዝ ውስጥ ወዳለችው ሞላሌ ለመውጣት ቆርጠው እንደ ተነሡ ሰምተናል። ቨርጂኒያ ሳሉ የዱር ቱርክ ማደን ለምደዋል አሉ፤ ጎሕ ሳይቀድ ጫካ ገብተው፣ ወፍራም ዛፍ ተደግፈው፣ የሴቷን ድምፅ የምታስመስል የእንጨት ሳጥን እያንቋረሩ፣ ወንዱ ጭራውን ነፍቶ እየተንጎማለለ እስኪመጣ ይጠብቃሉ። እሰየው፣ ትልቅ ሞያ ነው። ይሁንና ከጣርማ በር ወደ ግራ ታጥፈው የመንዝን መንገድ ሲይዙ ያንን ሞያ እዚያው መገንጠያው ላይ በአደራ ትተውት ይለፉ። ቱርክ መንዝ ውስጥ የለም። ያለው ቆቅ ነው። የአሜሪካው ወንድ ቱርክ 10 ኪሎ ይደርሳል፤ የኛ ትልቁ ቆቅ ከአንድ ኪሎ ተኩል ብዙም አያልፍ። የቀረው ክብደት ወደ ብልጠት ዞሯል ብለው ያስቡ።

ሕግ አክባሪ እንደ ሆኑ እናውቃለንና ፈቃዱን አስቀድመው ያወጣሉ። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን መቀጮ፣ ወይም እስራት፣ ሲከፋም ሁለቱንም ያስከትላል። ገበያ ወርዶ ዶሮ መግዛት ከዚህ ሁሉ እንደሚረክስ አይጠፋዎትም። ዶሮ መግዛት ግን ወንድነት አይደለም ብለዋልና እንቀጥል።

ልብስን በተመለከተ፣ ከአሜሪካ ያመጡትን ቅጠል የመሰለ ሬንጀር ከሻንጣው አያውጡ። በዚህ ዘመን ሬንጀር ለብሶ፣ መሣሪያ አንግቦ፣ ገደል ለገደል የሚሹለከለክን ሰው «ቆቅ ፍለጋ ነው» ብሎ የሚያልፈው አይገኝም፤ የሚጠይቅዎት ብዙ ነው፣ የሚጠየቁትም ስለ ወፍ አይደለም። ጥቁር የመንዝ በርኖስ ይግዙ። ከአገሩ በግ ጸጉር የተሠራ ነው፣ ሞላሌም ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ብርዱ ራሱ ያስገድድዎታል። በርኖሱን ደርበው ድንጋይ ላይ ኩርምት ቢሉ ሰውም አውሬም አይለይዎትም። የሚደገፉት ዛፍ ካማረዎ ግን ምርጫው ጠባብ ነው፤ አንድም የሰው ባሕር ዛፍ፣ አንድም የቤተ ክርስቲያን ጥድ። ከባሕር ዛፉ ሥር ባለቤቱ ያስነሣዎታል። ከጥዱ ሥር ደግሞ ቄሱ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ እሱም ዳገቱ ነው። ቆቅ ክንፍ እያላት መብረር የማትወድ ወፍ ናት። ኮቴ ስትሰማ ቀድማ በእግሯ ትሮጣለች፣ የምትሮጠውም ሽቅብ ነው። ይህን ሲያዩ ደስ ይልዎታል፤ «አትበርም፣ እደርስባታለሁ» ይላሉ። ይከተሏታል። ሃምሳ ርምጃ ሄዳ ቆም ትላለች፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ታይዎታለች፣ እርስዎም ጠመንጃዎን ከትከሻ ሲያነሡ ድንጋይ ትዞራለች። እንደገና ይከተሏታል። አፋፉ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ጉልበትዎ ይንቀጠቀጣል፣ ልብዎ ጆሮዎ ውስጥ ይመታል፣ ዓይንዎን ላብ ይዞታል፤ ክንፏን የምትዘረጋው ያኔ ነው። ቁልቁል፣ ወደ ሞፈር ውሃ ወንዝ በኩል። ለሷ የአንድ ትንፋሽ መንገድ ነው፣ ለእርስዎ መውረጃው ብቻ ግማሽ ቀን። ማዶ አርፋ ስትጮህ ድምፅዋ ገደሉን ተሻግሮ ይሰማዎታል። «ቆቅ ወዲያ፣ ምዝግዝግ ወዲህ» ያሉት አባቶች እዚያው አፋፍ ላይ ቆመው ሳይናገሩት አይቀሩም።

መፍትሔ አለው? አለው። አንዱ ከላይ ይጠብቃል፣ ሌላው ከታች ያባርራል። ከታች የሚያባርረው እርስዎ እንዳይሆኑ ብቻ ውል ይያዙ።

ሌላው ጉዳይ እረኛው ነው። በምንም ዓይነት ስውር መንገድ ቢሄዱ አንድ እረኛ ልጅ ያገኝዎታል፤ ጅራፉን በአንገቱ ጣል አድርጎ፣ ውሻውን አስከትሎ ከኋላዎ ይመጣል። እንዲመለስ አይቆጡት፣ አይመለስም። ገንዘብ አይስጡት፣ ወንድሞቹን ጠርቶ ይመጣል። ልክ ሊተኩሱ ትንፋሽዎን ሲይዙ «ጋሼ! ጋሼ! እሷን አይደለም፣ ያቺኛዋ ትሰባለች!» ብሎ በጣቱ ያሳይዎታል፤ ያቺኛዋም እሷም አብረው ይሄዳሉ። ከዚያ ልጁ በትሕትና፣ ከፈረስ ጭራ በተገመደ ወጥመድ እሱና ጓደኞቹ ስንት እንደ ያዙ ያወራልዎታል። ጠመንጃዎ ስንት እንደ ፈጀም ይጠይቅዎታል። ዋጋውን አይንገሩት።

እንበልና ተሳካልዎት፣ ተኮሱ፣ መቱም። እዚህ ላይ የአሜሪካ አዳኝ ሥራው አለቀ፤ የእርስዎ ገና ጀመረ። ቆቋ ነፍሷ ሳይወጣ ደርሰው፣ በስመ አብ ብለው ካልባረኳት በክት ናት፤ በሞላሌ ምድር የሚቀምስልዎ ክርስቲያን አያገኙም። ወፏ የወደቀችው ደግሞ ገደሉ ወገብ ላይ ነው። ስለዚህ ጥሩ አልሞ ተኳሽ መሆን ለመንዝ ቆቅ አደን ጉድለት እንጂ ሞያ አይደለም፤ የሚፈለገው ክንፏን ብቻ ቆንጥጦ የሚያቆያትና ቢላዋ በጥርሱ ነክሶ ገደል የሚወርድ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ካገኙ በቆቅ አያባክኑት።

ተኩሱ ራሱ መዘዝ አለው። መንዝ ውስጥ ጠመንጃ ያለ ምክንያት አይጮህም። ወይ ሰርግ ነው፣ ወይ ለቅሶ ነው፣ ወይ ጠብ ነው። ሰርግና ለቅሶ የሌለ እንደ ሆነ አገሩ ሦስተኛውን ይዞ ይወጣል። ሁሉም ተሰብስቦ «ምን ሆናችሁ?» ሲል «ቆቅ ስቼ ነው» ብሎ መመለስ ከባድ ነገር ነው። በአባቶች ጊዜ አንበሳና ዝሆን የጣለ ጸጉሩን ቅቤ ተቀብቶ ይፎክር ነበር፤ በቆቅ ግዳይ የተፎከረ ፉከራ ግን ማንም አላስተማረንም። ቢጀምሩም አዝማሪው ምን ብሎ እንደሚቀበልዎት እንጃ።

ቀን መምረጥም አለብዎት። ለምእመን ጾሙ በዓመት ከ180 ቀን ያላነሰ ነው፣ ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ። እሑድ አለ፣ ሚካኤል አለ፣ ማርያም አለች፣ ባለ እግዚአብሔር አለ። በክረምት ደግሞ ጉሙ ሞላሌን ሲሸፍናት እንኳን ቆቅ የጠመንጃዎ አፈሙዝም አይታይ። ከዚህ ሁሉ የተረፈችውን ቀን ካገኟት ያክብሯት፤ ምናልባት የሰው ሰርግ ተጠርተውባት ይሆናል።

ወጥ ቤቱንም ያስቡበት። ዶሮ በወጉ 12 ብልት ይወጣታል። አንዲትን ቆቅ ለ12 ሰው ቢያወጡ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው የሽንኩርቱ መዓዛ ነው፤ ባለቤትዎ «ይቺን ብለህ ነው ሦስት ቀን የጠፋኸው?» ቢሉዎት መልስ አዘጋጅተው ይግቡ።

ከሞላሌ አልፈው ወደ ጓሳ ጥብቅ ሥፍራ ልውጣ ቢሉ፣ ይውጡ፣ ጠመንጃውን ግን ቤት ትተው። እዚያ አስታና ጅብራ መካከል የምትኖር የደጋ ቆቅ አለች፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮም ያያሉ። የቀደምት አባቶች የአስቦና የገራ ልጆች ግን ያን ምድር ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ፣ ለብዙ ዘመንም ቄሮ በተባለ የጋራ ጥበቃ ሥርዓት፣ ሲጠብቁት ኖረዋል። ሳር ያለ ወቅቱ ያላሳጨደ ሕዝብ ቆቅ ያስተኩሰኛል ብለው አይገምቱ።

አንዷን ደግሞ፣ ቀልዱን ትተን እንለምንዎታለን፣ በፍጹም አይንኩብን። አዳባይና ወንጪት ከመንዝ ወርደው ከጀማ ጋር በሚገናኙበት ቆላ፣ በመርሐቤቴ ገደላ ገደል፣ መንቁሯና የዓይኗ ዙሪያ ቀይ የሆነ ቆቅ አለች። ከኢትዮጵያ ውጪ የትም አትገኝም፤ እዚህም ቢሆን የምትታየው በዓባይና በገባሮቹ ሸለቆዎች ብቻ ነው። ብለንዴልና ሎቫት የተባሉ ብሪታንያውያን በ1899 እ.ኤ.አ. በሳይንስ መዝገብ ሲያስገቧት «የሃርውድ» የሚል ስም ሰጧት። የምትሸሸግበት የወንዝ ዳር ደንገልና ቁጥቋጦ እየተመነጠረ ስለሆነ ያለ እርስዎም ችግሯ ይበቃታል። ያደኑት የነበረው ቱርክ እንኳ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከአሜሪካ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም ነበር፤ ዛሬ የሚተኩሱበት እዚያ ያሉት ሰዎች በጊዜው ስለከለከሉ ነው።

ይህን ሁሉ ሰምተውም ቆቅ ካላደንኩ እንቅልፍ አይወስደኝም ካሉ፣ አንድ ቦታ እንጠቁምዎት። በገደሎቻችን ላይ የሚሮጠው ትልቁ ቆቅ፣ ጀርመናዊው ሩፔል በ1835 እ.ኤ.አ. በረዳቱ በኤርክል ስም የጠራው፣ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ለአደን ተብሎ ወደ ሃዋይ ተወስዶ እዚያ ተራብቷል። ዳገት አለ፣ ወቅቱን ጠብቆ ፈቃድ በገንዘብ ይሸጣል፣ የሚቆጣ ቄስ የለም፣ ከኋላ የሚከተል እረኛም የለም። ቲኬትዎን ወደ ሃዋይ ይቁረጡ፤ ወፉ የኛው ነው።