የቁልቁለት ኩሬ ውዳሴ

ስብሰባ ላይ «ስንት ተቆፈረ?» የሚለውን ጥያቄ በሰማሁ ቁጥር ጥርሴን አፋጫለሁ። «ስንቱ ውኃ ያዘ?» የሚል ሰው እስኪመጣ ብጠብቅ ጥርስ አይተርፈኝም። ስለዚህ ንዴቱን ትቼ ወደ ምስጋና ዞሬያለሁ። የማመሰግነው በየጓሯችን የተቆፈረውን የውኃ ማቆሪያ ኩሬ ነው፤ በተለይም ተዳፋት ላይ የተቆፈረውን።

ሰቆጣን የረገጠ ያውቃል፤ በዋግ ኽምራ ሜዳ ብርቅ ነው። ቤቱም ማሳውም ያዘነበለ ነው። ዝናቡ በሐምሌና በነሐሴ ተጣድፎ ይመጣና የቀረውን ዓመት ለፀሐይ አስረክቦ ይሄዳል። በ1995 ዓ.ም ድርቁ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ጠባቂ ባደረገ ጊዜ መንግሥት ውኃ ማቆርን የምግብ ዋስትና ቁልፍ አድርጎ ያዘው። በአማራም በትግራይም ገበሬው በጓሮው ኩሬ እንዲቆፍር ታወጀ፤ አፉ ሰፊ፣ ታቹ ጠባብ፣ በጥቁር ፕላስቲክ ወይም በሲሚንቶ የተለበጠ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ኮታው ግን ከክልል ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ወረደ። በዚያ ዘመቻ አንድ ጠብታ ሳይባክን ቁልቁል የወረደ ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ በጓሮው መዋኛ ገንዳ የሚያሠራ ባለጸጋ አፈር ያስመረምራል፣ መሐንዲስ ይቀጥራል፣ መሬቱ ካዘነበለ ደጋፊ ግንብ ያስገነባል። የእኛ ገበሬ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ተገላገለ። ዶማና አካፋ ብቻ በቃው፤ እሱንም ከቤቱ ይዞ መጣ። የአጎቴ ጓሮ በቁልቁለት መካከል ነው። የላይኛውን ወገብ ቆፍሮ ያወጣውን አፈር በታችኛው ወገብ በኩል ከመረው። ያ ልቅ ክምር ግድብ ተባለ። ባለሙያው መጣ፣ ጥልቀቱን ለካ፣ ጻፈ፣ ሄደ።

ከዚያ ሐምሌ ገባ። እዚህ ላይ የኩሬው ታላቅነት ተገለጠ። የደለል ማስቀሪያ ስላልተሠራለት ጎርፉ ውኃውን ብቻ ሳይሆን የላይኛውን ጎረቤት ማሳ ጭምር ይዞ ገባ። ስንት ዓመት በእርከን ለምነነው እምቢ ያለ አፈር በአንድ ሌሊት አጎቴ ጓሮ ተሰበሰበ። እንዲህ ያለ የመሬት ሽግሽግ ያለ ኮሚቴ፣ ያለ ገመድ፣ ያለ ጭቅጭቅ የት ታይቷል?

ጭቅጭቁ እንኳ ትንሽ ቆይቶ መምጣቱ አይቀርም። የላይኛው ጎረቤት የይዞታ ደብተር አላቸው፤ ደብተሩ መሬቱ የእርሳቸው መሆኑን ይመሰክራል፤ አፈሩ ግን አጎቴ ጓሮ ተኝቷል። «አፈሬን መልስ!» ቢሉ ምን ይባላሉ? ሽማግሌ ይቀመጣል። ከሳሽ ማስረጃ ያቀርባሉ፦ በኩሬው ውስጥ የበቀለው ጤፍ እርሳቸው የዘሩት ነው። ተከሳሽ ይመልሳል፦ «እኔ ጠርቼዋለሁ? በራሱ እግር መጣ። ይልቅ ያሳደርኩበትን የመጋዘን ኪራይ ይክፈሉኝ፤ በኩንታል ይታሰብልኝ።» ሽማግሌዎቹ ገና ሳይመክሩ ከሳሽ ራሳቸው ይከሰሳሉ፤ ለካ የእርሳቸውም አፈር ከበላያቸው ካለው ማሳ የመጣ ነው። እንዲህ እያለ ክሱ ሽቅብ እስከ ጋራው ጫፍ ይወጣል፤ ጫፉ ላይ ያለው ገበሬ የሚከሰው ሲያጣ ደመናን ይከሳል።

ነገሩ ቁልቁልም አይቆምም። የአጎቴ ጉድጓድ ባይኖር ያ ደለል ወደ ተከዜ ይወርድ ነበር። እዚያ 188 ሜትር የሚያህል ግድብ ቆሟል፤ ሐይቁም እስከ ዋግ ቆላ ድረስ ተኝቷል። ስለዚህ አጎቴ ሐይቁን ከመሞላት እየጠበቀ ነውና በኩራዝ ብርሃን ቁጭ ብሎ ለመብራት ኃይል የአገልግሎት ክፍያ መጠየቂያ ይጻፍ። ደግሞስ ተከዜ ሱዳን ገብቶ ከአትባራ ጋር ይቀላቀል የለም? አትባራስ ዓባይ አይገባም? የግብፅ ማሳ በእኛ ደለል የተሠራ ነው እየተባለ አይደል ያደግነው? እንግዲያው ካይሮ ስለ አጎቴ ጓሮ የተቃውሞ ደብዳቤ የምትጽፍበት ቀን ሩቅ አይደለም። የሦስትዮሽ ድርድር ይጠራል። ልዑካኑ ከኮረም በኩል ባለው መንገድ አቧራ ጠጥተው ይደርሳሉ፣ የጉድጓዱን አፍ ከበው ይቆማሉ፣ አሞላሉ ላይ ሳይስማሙ ይመለሳሉ። አጎቴ ደግሞ እንግዳ ነውና ጠላ ያቀርባል።

ሌላውን ጥቅም በአጭሩ ልንገራችሁ። ፕላስቲኩ ሲቀደድ ለጭድ ክምር ክዳን ሆነ፤ ግሩም ክዳን ነው። ውኃው ጥልቅ፣ ማሳው ደግሞ ከበላዩ ስለሆነ ሴቶቹ በጄሪካን ሽቅብ ሲያመላልሱ ጠነከሩ። ፀሐይ በቀን አምስት ሚሊ ሜትር ያህል ስትጠጣ እስከ ግንቦት ከአንድ ሜትር በላይ ይሄዳልና እሷም ተጠቀመች። ትንኝም አልተረሳችም። እነ ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም በ1991 ዓ.ም በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ባሳተሙት ጥናት ትግራይ ውስጥ በአነስተኛ ግድቦች አቅራቢያ የሚኖሩ ሕፃናት ራቅ ብለው ከሚኖሩት ሰባት እጥፍ በወባ ይያዙ ነበር። ጥናቱ ከዘመቻው አራት ዓመት ቀድሞ የወጣ ነው። ከግድቡ እስከ መንደሩ መብረሩ እንዳያደክማት ነው መሰለኝ ውኃውን በር ላይ አደረግንላት።

አጥር የሌለው፣ ዳሩ የሚያንሸራትት፣ ሕፃን የሚውጥ ጉድጓድ ቤት ደጃፍ ላይ አስቆፍሮ ሪፖርት መላክ ነውር ነው። ይህን በሽሙጥ ልለው አልችልም።

ተዳፋት ላይ ውኃ አይያዝም የሚል ካለ ኮንሶ ሄዶ ይይ። ኮንሶዎች ከእኛ የማይተናነስ ገደል ላይ ነው የሚኖሩት። ሃርዳ የሚሉትን ኩሬ በድንጋይና በሸክላ አፈር ሠርተው፣ በጋራ እየጠረጉ፣ በጋራ እየጠገኑ ትውልድ አሻግረውታል። ዩኔስኮ በ2003 ዓ.ም የኮንሶን መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ እርከናቸውን ከነኩሬው አይቶ ነው። እዚያ ቦታውን የመረጠው ጎርፉን ሲያይ ያደገ ሰው እንጂ ከወረዳ የወረደ ቅጽ አልነበረም። በእኛም ዘንድ ቦታው ተመርጦ፣ ደለሉ ከአፉ ላይ ተይዞ የተሠራ ኩሬ ሽንኩርትና ቃሪያ ያበቀለበት ጓሮ አለ። የሚያበግነኝም ይኸው ነው፤ የሚሆን ነገር ነበር።

የአጎቴ ጉድጓድ ግን ሥራ ፈቶ አያውቅም። መጀመሪያ የውኃ ማቆሪያ ተብሎ ተቆጠረ። የኮምፖስት ዘመቻ ሲመጣ የኮምፖስት ጉድጓድ ተብሎ ተቆጠረ። ደለሉ ላይ ጌሾ ሲተክልበት የጓሮ ልማት ተብሎ ተቆጠረ። በቅርቡ አንድ ወጣት ባለሙያ መጥቶ ጌሾውን አደነቀና ለአዲስ ኩሬ ሜትሩን ዘረጋ። አጎቴ «ልጄ፣ ከጌሾው በላይ ይሁን በታች? ጎርፉ በዚህ በኩል ነው የሚመጣው» አለው።

«ደስ ባለዎት ቦታ ይሁን አባቴ» አለ ልጁ፣ ሜትሩን ሳይለቅ፤ «ብቻ እስከ ወሩ መጨረሻ ይድረስልኝ።»